ሁለት ዓርቦች፦ ሌሊት የሚመጣው አፕዴት፣ ባንኩና እኛ

ቤተሰቦች፣ ስልካችሁን ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ፣ ዋይፋይ እንደበራ ተኝታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ጠዋት ስትነሱ አንዱ አፕ መልኩ ተቀይሯል። ትናንት ግራ በኩል የነበረው ምልክት ዛሬ ቀኝ ሄዷል። ማንም አልጠየቃችሁም። "ምን ተገኘ?" ብላችሁ ፕሌይ ስቶር ስትገቡ የምታገኙት ያችኑ የተለመደች መስመር ነው፦ አንዳንድ ስህተቶች ተስተካክለዋል። አለቀ።

ባለፈው ከመካከላችን አንዷ ካፌ ቁጭ ብላ ሒሳብ ልትከፍል ስትል የመክፈያ አፑ "መጀመሪያ አፕዴት አድርጊ" አላት። ፓኬጇ አልቋል። አስተናጋጇ ቆማ ትጠብቃለች። (የአፑን ስም አንጠራም፤ ነገሩ የአንድ አፕ ብቻ አይደለም።) መጨረሻ ላይ "ነገ ታመጪያለሽ" ተብላ በትዝብት ወጣች። ቢሮ ስትገባ ሰላምታ እንኳን ሳትሰጠን "እነዚህ ሰዎች በየሳምንቱ የሚቀያይሩት ለምንድነው? በዓመት አንዴ አሪፍ አድርገው ለምን አይገላገሉትም?" አለች።

ብዙዎቻችሁም ይህ ጥያቄ እንዳላችሁ እናውቃለን። መልሱ ግን መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል። በዓመት አንዴ ከሚመጣ ግዙፍ አፕዴት ይልቅ ቶሎ ቶሎ የሚመጣ ትንሽ አፕዴት ይሻላል። ደግሞ ሰው በእጁ ከሚለቀው ማሽን ፈትኖ የሚለቀው ይሻላል። ይሄ ሁሉ ግን አንድ ትልቅ "ግን" አለው፤ እሱን ለማሳየት ሁለት ዓርቦችን እናነሳለን። ሁለቱም በ2016 ዓ.ም. የሆኑ ናቸው። አንደኛው በእኛው አገር ስለሆነ አንዳንዶቻችሁ ሰልፉ ላይም ነበራችሁ።

መጀመሪያ ግን ወደ ወጥ ቤት እንግባ።

ወጥ የሠራ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ጨው ጣል ታደርጋላችሁ፣ ትቀምሳላችሁ፣ ከጎደለ ትጨምራላችሁ። ጨውንም፣ በርበሬውንም፣ ቅቤውንም፣ መከለሻውንም ባንዴ ገልብጣችሁ መጨረሻ ላይ ብትቀምሱትና ተበላሽቶ ቢገኝስ? የትኛው እንዳበላሸው አታውቁም። ብታውቁም መልሳችሁ አታወጡትም። ሶፍትዌርም ያው ነው። መቶ ሰው ለስድስት ወር የጻፈውን ኮድ ሰብስቦ በአንድ ሌሊት መልቀቅ ማለት ድስቱን ባንዴ መገልበጥ ነው። ጠዋት ላይ አንድ ነገር ሲበላሽ ሺህ ለውጥ ውስጥ መርፌ ፍለጋ ይጀመራል። ትናንት ማታ የገባው ለውጥ አንድ ብቻ ከሆነ ግን ተጠርጣሪውም አንድ ነው፤ እሱን ብቻ ወደኋላ ትመልሱታላችሁ።

ድሮ (ድሮ ስንል የሲዲ ዘመን ማለታችን ነው) እንዲህ አልነበረም። ዊንዶውስ ኤክስፒ እ.ኤ.አ. በ2001 ወጥቶ ተከታዩ ቪስታ ተራው ተጠቃሚ እጅ የገባው በ2007 መጀመሪያ ነው። ከዚያ ዘመኑ ተቀየረ። እ.ኤ.አ. በ2009 የፎቶ ማጋሪያው የፍሊከር ባለሙያዎች፣ ጆን ኦልስፖና ፖል ሃሞንድ፣ አንድ የሙያ ጉባኤ ላይ ቆመው በቀን ከ10 ጊዜ በላይ አዲስ ኮድ እንደሚለቁ ተናገሩ። ለብዙ ኩባንያ የማይታሰብ ነገር ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ አማዞን በሥራ ቀናት በአማካይ በየ11.6 ሰከንዱ አንድ ለውጥ እንደሚለቅ ገለጸ። ይሄን ዓረፍተ ነገር አንብባችሁ እስክትጨርሱ ማለት ነው።

ይህን ያህል ፍጥነት በሰው እጅ አይሆንም፤ ማሽን ነው የሚሠራው። ፕሮግራመሩ ኮዱን ያስገባል፣ ማሽኑ ፈተና ላይ ፈተና ይደረድርበታል፣ ከወደቀ ይመልሰዋል፣ ካለፈ ለጥቂት ሰው ብቻ ይለቀዋል። "ለጥቂት ሰው ብቻ" የምትለዋን ያዟት፤ የጽሑፉ ወገብ እሷ ናት። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2017 አሠራሩን ሲያብራራ፣ አዲስ ኮድ መጀመሪያ ለራሱ ሠራተኞች፣ ቀጥሎ ለ2 በመቶው ተጠቃሚ፣ ምንም ካልተፈጠረ ለሁሉም እንደሚለቅ ጽፏል። እዚያ 2 በመቶ ውስጥ ከወደቃችሁ ቀማሾቹ እናንተ ናችሁ። ጓደኛችሁ ስልክ ላይ ያለው አዲስ ነገር እናንተ ጋ ሲጠፋ "የኔ ስልክ ምን ሆነ?" አትበሉ። ተራችሁ አልደረሰም፣ ወይም ደግሞ ቀምሰውት ሳይጥማቸው ቀርቶ ተመልሷል። ለቀማሽነታችሁ ፈቃድ የጠየቃችሁ እንደሌለ ግን አብረን እናስታውሳለን። ለላይክ ምልክት ይሄ ችግር የለውም። ለገንዘብ ሲሆን ነገሩ ይለያል።

ስለ ገንዘብ ካነሳን አይቀር፣ "በሰው እጅ ይሻላል" ለሚል ሰው የምንነግረው አንድ ታሪክ አለን። ናይት ካፒታል የሚባል የአሜሪካ የአክሲዮን ደላላ ኩባንያ ነበር። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 አዲስ ሶፍትዌር ሥራ ላይ ሊያውል ተዘጋጀ። ሶፍትዌሩ የሚጫነው 8 ሰርቨሮች ላይ ነው። ባለሙያው 7ቱ ላይ ጫነ። ስምንተኛው ተረሳ፤ ሌላ ሰው ደግሞ አላረጋገጠም። ገበያው ሲከፈት ስምንተኛው ሰርቨር ላይ ለዓመታት የተኛ አሮጌ ኮድ ነቃና እንደ እብድ መግዛትና መሸጥ ጀመረ። 45 ደቂቃ ብቻ። ኪሳራው ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ!

ከዚህ ታሪክ በጣም የሚያመው መሃል ላይ የተፈጠረው ነው። ባለሙያዎቹ ደንግጠው "አዲሱ ኮድ ነው ያበላሸው" ብለው ከ7ቱ ጤነኛ ሰርቨሮች ላይ አዲሱን አነሱት። በቃ፣ 8ቱም አበዱ። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ሲስተሙ ራሱ ስህተት እንዳለ የሚጠቁሙ 97 ኢሜይሎችን ለሠራተኞች ልኮ እንደነበር የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ በኋላ አረጋግጧል። ማንም ትኩረት አልሰጣቸውም። ኩባንያው ከዚያ በኋላ በራሱ ስም ብዙም አልቆየም፤ በተከታዩ ዓመት ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋሃደ።

ስለዚህ ማሽን ይሻላል። እሺ፣ ማሽኑስ ሲሳሳት?

ወደ አንደኛው ዓርብ እንሂድ። በቀን ቅደም ተከተል ይሄኛው ሁለተኛ ነው፤ የእኛውን ወደ መጨረሻ ያቆየነው ሆን ብለን ነው።

ዓርብ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ። ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የሳይበር ደህንነት ኩባንያ፣ የደንበኞቹን ኮምፒውተሮች ከጥቃት ለሚጠብቀው ፋልከን ለተባለው ሶፍትዌሩ አንዲት ትንሽ ፋይል ለቀቀ። በኪሎባይት የምትቆጠር፣ ቲክቶክ ላይ ከምታዩት አንድ ቪዲዮ በብዙ የምታንስ። እንዲህ ዓይነት ፋይል መልቀቅ ለእነሱ የዘወትር ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ጠላፊዎች በየቀኑ አዲስ ዘዴ ያመጣሉ። ፋይሏ የደረሰቻቸው የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ግን እዚያው ሰማያዊ ሆነው ቀሩ። ማይክሮሶፍት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች እንደተጎዱ ገመተ። አውሮፕላን ማረፊያዎች በእጅ ወደሚጻፍ የመሳፈሪያ ወረቀት ተመለሱ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ፣ ዴልታ አየር መንገድ ብቻውን በቀጣዮቹ ቀናት 7,000 ገደማ በረራዎችን ሰረዘ።

ኩባንያው ስህተቱን 78 ደቂቃ ውስጥ መልሶታል። ቶሎ ነው፤ ግን ምን ዋጋ አለው? የወደቀው ኮምፒውተር ራሱን ችሎ መነሳት ስለማይችል መድኃኒቱን ከኢንተርኔት መቀበል አይችልም። ሰው በአካል ሄዶ እያንዳንዱን ማሽን አስነስቶ ፋይሏን ማጥፋት ነበረበት። አንድ በአንድ።

ምን ነበር ስህተቱ? ይሄን በቀላሉ እንበለው። ሶፍትዌሩ 20 መሳቢያ ያለው ቁም ሣጥን ነበረው እንበል። አዲሷ ፋይል "21ኛውን መሳቢያ ክፈት" አለችው። የለማ! እሱ ግን እጁን ሰዶ ባዶ ቦታ ጨበጠና ወደቀ። ሲወድቅ ደግሞ የቆመው የዊንዶውስ እምብርት ላይ ስለነበር ኮምፒውተሩን ይዞ ወደቀ። ፋይሏን የሚፈትነው ፕሮግራም ራሱ ባግ ስለነበረበት አሳለፋት። ከዚያ በፊት የተላኩት ፋይሎች 21ኛውን መሳቢያ በትክክል ስላልነኩት ችግሩ ለወራት ተደብቆ ቆይቷል።

እና ዋናው? ፋይሏ ለሁሉም ነው በአንዴ የተለቀቀችው። ኩባንያው ዋናውን ሶፍትዌር ሲያድስ በደረጃ ይለቅ ነበር፤ ደንበኞችም "እኔ ትንሽ ልቆይ" የማለት ምርጫ ነበራቸው። እነዚህ ትንንሽ ፋይሎች ግን ትንሽ ስለሆኑ ብቻ ከዚያ ሥርዓት ውጭ ነበሩ። "ለጥቂት ሰው ብቻ" የምትለዋን ያዟት ያልነው ለዚህ ነው። ጨው ጣል ማድረግ ጥሩ ነው፤ ለሠርጉ ድስት ሁሉ ሳትቀምሱ ባንዴ ጣል ካደረጋችሁ ግን ትንሽነቷ አያድናችሁም። መጀመሪያ 1 በመቶ ለሚሆኑት ኮምፒውተሮች ተለቅቃ ቢሆን ኖሮ እኛም ይህን ባልጻፍን።

ክራውድስትራይክን ለማመስገን አልመጣንም። ነገር ግን በኋላ ያደረጉትን አስቀምጡልን፣ እንመለስበታለን። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የ20ና የ21ን ነገር ሳይቀር የዘረዘረ ሪፖርት ለሕዝብ አወጡ። መስከረም ላይ አንድ የኩባንያው ከፍተኛ ኃላፊ የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። ትንንሾቹ ፋይሎችም ከአሁን በኋላ በደረጃ እንደሚለቀቁና ደንበኛው መቼ እንደሚቀበል መምረጥ እንደሚችል አሳወቁ።

አሁን ወደ ሌላኛው ዓርብ። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት፣ ለቅዳሜ አጥቢያ።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም፣ ሒሳባቸው ላይ ገንዘብ ለሌላቸው ሰዎች ገንዘብ መስጠት ጀመረ። ወሬው ከዶርም ዶርም፣ ከግሩፕ ግሩፕ በረረ። በየዩኒቨርሲቲው ኤቲኤም በር ላይ ሌሊት ሰልፍ ተሠራ። ያልወጣው በስልኩ ወደ ሌላ ሒሳብ ያስተላልፋል። ባንኩ ግብይቱን እስኪያቆም ድረስ ሰዓታት አለፉ። በኋላ የባንኩ ፕሬዚዳንት አቤ ሳኖ በሰጡት መግለጫ፣ በዚያ ጊዜ 490 ሺህ ገደማ ግብይቶች እንደተካሄዱ (ጤናማዎቹም አሉበት)፣ ያለአግባብ የወጣው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደሆነ ተገለጸ። የሳይበር ጥቃት አይደለም ተባለ። ብሔራዊ ባንክም ችግሩ በጥገናና በፍተሻ ሥራ ላይ ሳለ የተፈጠረ መሆኑን አስታወቀ።

በቀጥታ እንናገር። የራስ ያልሆነን ገንዘብ እያወቁ ማውጣት ሌብነት ነው። እዚህ ላይ ከማንም ጋር አንከራከርም። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ፣ አብዛኛው ገንዘብም ተመለሰ። ያልመለሱትን ደግሞ ባንኩ ስማቸውንና ፎቶአቸውን ይፋ አደረገ፤ ቅርንጫፍ በር ላይ ተለጠፈ። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ በአንዲት ሌሊት በሠራው ስህተት፣ የሰፈሩ ሰው የሚያልፍበት ግድግዳ ላይ።

እኛን የሚከነክነን ሌላኛው ወገን ነው። ለውጡ ወይም ጥገናው እንዴት እንደተለቀቀ፣ ከዚያ በፊት የት እንደተፈተነ፣ ለምን በአንድ ጊዜ ሁሉም ጋ እንደደረሰ፣ "አንድ ሰው ከሒሳቡ በላይ እያወጣ ነው" የሚል ማንቂያ ለምን በደቂቃዎች ውስጥ ሲስተሙን እንዳላስቆመ የሚያስረዳ ወረቀት ግን ቅርንጫፍ በር ላይ አልተለጠፈም። ክራውድስትራይክ ይቅርታ ያለው ስለገባው አይደለም፤ ጠያቂ ስለነበረበት ነው። ደንበኛው፣ ባለአክሲዮኑ፣ ምክር ቤቱ። የእኛ ገንዘብ አስቀማጭ ግን ጠያቂ ሳይሆን ተጠያቂ ሆኖ አደረ።

"ያለፈ ነገር ለምን ታነሳላችሁ?" ትሉ ይሆናል። ያላለፈ ስለሆነ ነው። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሲጀመር አዲስ ነገር ነበር፤ ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች እንዳሉት ኢትዮ ቴሌኮም ይናገራል። ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ፣ ነዳጅ፣ የመንግሥት ክፍያ ሁሉ ስልክ ውስጥ ገብቷል። በአንድ ዓርብ ሌሊት የሚሳሳት ሲስተም ከሁለትና ሦስት ዓመት በፊት ከነካው ሰው ይልቅ ዛሬ የሚነካው ይበዛል። ደግሞ ስህተቱ ሁልጊዜ ትርፍ ገንዘብ የሚሰጥ አይሆንም። "ሒሳብዎ ላይ በቂ ገንዘብ የለም" የሚልም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ሰልፉ ሌላ ነው።

ስለዚህ ባንኮቻችንንና የክፍያ ድርጅቶችን መጠየቅ ያለብን "ለምን ቶሎ ቶሎ ትቀያይራላችሁ?" ብለን አይደለም። መጠየቅ ያለብን አዲሱን ነገር ከእኛ በፊት ራሳችሁ፣ በራሳችሁ ሠራተኞች ደመወዝ ሒሳብ ላይ ቀምሳችሁታል ወይ ብለን ነው። ሲበላሽ በስንት ደቂቃ ትመልሱታላችሁ? የሚመልሰው ማሽን ነው ወይስ ከእንቅልፉ በስልክ የሚቀሰቀስ አንድ ሰው? ብሔራዊ ባንክ ስለ ካፒታልና ስለ ውጭ ምንዛሪ መመሪያ እንደሚያወጣው ሁሉ፣ ስለዚህም መልስ የሚያስገድድ መመሪያ ቢኖረው አንጠላም።

እኛስ? እዚህ ጋ ትንሽ ራሳችንንም እንውቀስ። ብዙዎቻችን ዳታ ለመቆጠብ ብለን አውቶ አፕዴት አጥፍተናል። ምክንያቱ ይገባናል፣ ፓኬጅ ውድ ነው። ግን አንድ የማይነገር ነገር አለ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ አፕዴቶችን የሚያሳንስ ዘዴ ሲያመጣ፣ የሚወርደው መጠን ከሙሉው አፕ በአማካይ 65 በመቶ እንደሚያንስ ገልጾ ነበር፤ የተቀየረችው ቁራጭ ብቻ ነው የምትወርደው። ያኔ ዘዴው የተፈቀደው ደግሞ ለማን መሰላችሁ? ስልኩ ሥራ ሲፈታ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ቻርጅ ላይ ሆኖ፣ በራሱ ለሚወርድ አፕዴት ብቻ። ምክንያቱም ቁራጮቹን መልሶ መገጣጠም ጊዜ ይወስዳል፤ በእጃችሁ "አፕዴት" ስትሉ ደግሞ ቶሎ እንዲያልቅላችሁ ትፈልጋላችሁ። ዳታ ልንቆጥብ ብለን ያጠፋነው፣ ዳታ የሚቆጥበውን ነው ማለት ነው! አውቶ አፕዴትን "በዋይፋይ ብቻ" ላይ ማድረግ ይቻላል፤ የዋይፋይ ዕድል ያላችሁ ለመክፈያና ለባንክ አፖች ቢያንስ እሱን ክፈቱ።

አለማደስም የራሱ ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2017 ማይክሮሶፍት አንድ የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት ለቀቀ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ግንቦት 12፣ ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ ከ150 በላይ አገሮችን አዳረሰ፤ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ይጠይቃል። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሕመምተኛ መለሱ። መድኃኒቱ ሁለት ወር ሊሞላ ምንም እስኪቀረው በር ላይ ቆሞ ነበር፤ የከፈተለት ሰው ጠፋ እንጂ። ከቴሌግራም ቻናል የወረደ ኤፒኬ የጫናችሁ ደግሞ (እናውቃችኋለን!) በአብዛኛው እዚያው ቀርታችኋል፤ የባንክ አፕ ከሆነማ ዛሬውኑ አጥፍታችሁ ከፕሌይ ስቶር አውርዱት።

አሮጌ ስልክ የያዙትን ግን እንዲህ ብሎ መምከር ቀላል አይደለም። ዋትስአፕ አንድሮይድ 4.4ና ከዚያ በታች የሆኑ ስልኮችን ትቷቸዋል። ለእናቱ አሮጌ ስልኩን የሰጠ ሰው በየሳምንቱ የሚመጣው ትንሽ አፕዴት አንድ ቀን "ስልክዎ አይደግፍም" ወደሚል ግድግዳ እንደሚያደርስ ያየዋል። ፍጥነቱን የሚመሩት አዲስ ስልክ ያላቸው ናቸው፤ እዚህ ላይ የባልደረባችን ንዴት እውነት አለው።

በነገራችን ላይ፣ ሶፍትዌር ሠሪዎች ዘንድ "ዓርብ ቀን ምንም አትልቀቅ" የሚል የቆየ ደንብ አለ፤ ቢበላሽ የሚያስተካክለው ሰው ለቅዳሜና እሑድ ወጥቷልና። ሌሎቹ ደግሞ "ዓርብ ለመልቀቅ ከፈራህ፣ ችግሩ ዓርብ ሳይሆን የአንተ አሠራር ነው" ብለው ይመልሱላቸዋል። እኛ ከሁለተኞቹ ጋር ነን፤ ለባንክ ሲሆን ግን ለጊዜው ከመጀመሪያዎቹ ጋር ብንቆይ ይሻለናል።

ባልደረባችን የካፌውን ሒሳብ የመለሰችው ማክሰኞ ዕለት ነው፣ በጥሬ ብር። እስከዚያ ድረስ አፑ ሁለት ጊዜ አፕዴት ጠይቋታል።